አሥር ደቂቃ የምትሄድ መኪና

የአባቴ ሰማያዊ መኪና በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ትነሳለች፤ አሥር ደቂቃ ያህል እንደ ጤነኛ ትሄድና ያለ ምንም ጩኸት ቀጥ ትላለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እታገሣት ነበር። ግን አባቴ ሰኞ ድሬዳዋ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው፤ ስንት ወር የጠበቅነው። በሚኒባስ እንሂድ ብላቸው እንቢ አሉ።

«ዓይኔን ታሽጌ፣ በሰው ጉልበት መሀል ታጥፌ አልመለስም። መኪናችን ከሄደች እንሄዳለን፤ ካልሄደች ይቅር።»

ዓርብ ጠዋት ለሙከራ ይዣቸው ወጣሁ። ፈረስ መጋላ አደባባይ መሀል ላይ ቆመች። አንድ መካኒክ ሻዩን አስቀምጦ መጣ።

«ነዳጅ አላት?»

«አላት።»

አላመነኝም፤ የነዳጁን ክዳን ከፍቶ አየ። ከዚያ ሞተሩን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች አውጥቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጋቸው። አስነሳኋት፤ ተነሳች። «አልሐምዱሊላህ፣ ካንዴላ ነው። ከእንግዲህ ኢንሻአላህ ስትደርሺ ብቻ ነው የምትቆመው» አለ።

አሥር ደቂቃ ዞረን ሸዋ በር ስንደርስ ቆመች። አንድ ሽማግሌ የታክሲ ሹፌር እሳቸውም ነዳጅ አላት ወይ ብለው ክዳኑን ከፈቱ። አዩ፤ አለ። የነዳጁን ቱቦ ነቅለው በአፋቸው ነፉና ተፉ።

«ቆሻሻ ነው ልጄ። ደግሞ ቀስ ብለሽ ስለምትነጂ እንቅልፍ ይወስዳታል።»

ተነሳች። ሐኪም ጋራ ዳገት ላይ፣ ቤታችን እየታየን፣ እንቅልፍ ወሰዳት። ጎረቤታችን፣ ጡረተኛው ወታደር፣ የነዳጁን ክዳን ከፍቶ አየና «ሙቀት ነው» ብሎ ሞተሩን እርጥብ ጨርቅ አለበሰ። ተነሳች፤ ቤት ገባን።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ያልተጻፈ ነገር አላምንም። ማን ምን እንዳለ፣ ምን እንዳደረገ፣ ከዚያ ስንት ደቂቃ እንደሄድን ሁሉ ደብተር ላይ አስፍሬ ነበር። ማታ ራት አቅርቤ አነበብኩት። ሦስት ሰው፣ ሦስት በሽታ፣ ሦስት መድኃኒት፤ ሁሉም አዳኗት፣ ማናቸውም ከአሥር ደቂቃ አላሳለፏት። ሦስት የተለያየ በሽታ በእኩል ደቂቃ አይገድልም። ሦስቱም ያደረጉት አንድ ነገር ፈለግሁ። ክዳኑን ከፍተዋል። ሦስቱንም ጊዜ ደግሞ አባቴ ወርደው፣ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ መልሰው ዘግተውታል።

ዋናው ክዳን የነዳጅ ሰልፍ ላይ ጠፍቶብን፣ ይኼኛውን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ስንት ቀን ተሰልፈን ያገኘነው ነዳጅ እንዳይተን ብለው እንጨት ጠርበው፣ ሁለት ፌስታል ጠቅልለው፣ በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጥፍር አድርገው ያስሩታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። እሳቸው የዘጉት ዕቃ አይተነፍስም።

ቅዳሜ ብቻዬን ወጣሁ። በአሥረኛው ደቂቃ ቆመች። ወርጄ ክዳኑን ብቻ ፈታሁ። ታንኩ፣ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው፣ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ሌላ ምንም ሳልነካ አስነሳኋት፤ ተነሳች። ነዳጁ ሲቀንስ በቦታው የሚገባ አየር አልነበረም፤ ስለዚህ ነዳጁ ወደ ሞተሩ አልሄድም ይላል።

ከባዱ ለሳቸው መንገር ነበር።

«አባባ፣ ችግሩ ክዳኑ ነው።»

«ላላ?»

«ጠበቀ።»

«እኔ የዘጋሁት ነገር ላልቶ አያውቅም።»

«እሱ ነው ችግሩ።»

ምስማር አግዬ ክዳኑን ስበሳው አጠገቤ ቆመው አዳመጡ። «ይተናል» አሉ።

«ትንሽ ይተናል።»

«ስንት?»

ይህን ደብተሬ አያውቅም።

እሑድ ከሰዓት ይዣቸው ወጣሁ። «ስንት ደቂቃ ሆነ?» ይላሉ በየመንገዱ። አሥራ ሁለት። ሃያ። ሐኪም ጋራን ወጣን፣ ወረድን፤ አርባ። በራችን ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አቆምኩ።

«እንግዲህ ነገ ልንሄድ ነው» አሉ። ደስ ያላቸው አይመስሉም።

«ልንሄድ ነው፣ አባባ።»

«ዓይን ሲቀድዱ... ሰውየው ነቅቶ ነው ወይስ ተኝቶ?»

«ነቅቶ ነው። ግን ዓይኑን ያደነዝዙታል።»

ጉልበታቸውን ሲያሹ ቆዩ። «እስቲ አንዴ አጥፊያትና እንደገና አስነሺያት።»

አጠፋኋት። አስነሳኋት። በመጀመሪያው ተነሳች።

«እስቲ ድገሚ» አሉ።