በጋቢ የተጠቀለሉ ዓሦች

ልጅ ሳለሁ ዓሣ ብርድ ይፈራል ብዬ አምን ነበር። ይህን ያስተማሩኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ወርቁ ናቸው፤ ሊያስተምሩኝ ብለው ሳይሆን፣ በየምሽቱ በሚያወሩልኝ በአንድ ታሪክ ምክንያት ነው።

እናቴ ጎባ ላይ ስታርፍ ገና ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴን አላውቀውም። ጋሼ ከአቃቂ መጥተው፣ ለቅሶው እንዳለቀ በአውቶቡስ ይዘውኝ ተመለሱ። መንገዱ ወደ ቆላው ሲወርድ ሙቀቱ በረታ፤ እሳቸው ግን ንፋስ እንዳይመታኝ መስኮቱን ዘግተው እስከ አፍንጫዬ ድረስ በጋቢያቸው ጠቀለሉኝ። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። ይሄኔ «ይኸው ብርድ መታት» ብለው ጋቢውን ይብሱን አጠበቁት።

ጋሼ ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። አቃቂ በሰቃ ሰፈር ውስጥ በአንድ ጋራዥ የውሃ ፓምፕ ይጠግኑ ነበር። ክረምት ስለነበር ትምህርት ቤት አልተከፈተም፤ ስለዚህ ጠዋት ሲወጡ መኪና እንዳይገጨኝ፣ ሰው እንዳይወስደኝ ብለው የግቢውን በር ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፈውብኝ ይሄዳሉ። እኔም በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ የሰፈሩን ልጆች እግር እየቆጠርኩ እውላለሁ። አላለቅስም፣ አልናገርም፤ የሚቀርብልኝንም በወጉ አልበላም ነበር። ጋሼ ይህን እያዩ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው ነበር ማለት ይቻላል። ታሪኩን የጀመሩልኝም ለዚህ ይመስለኛል።

መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ያኔ ደግሞ የማይጠፋበት ምሽት አልነበረም፣ ኩራዙን ይለኩሱና ከሰሉን እፍ ብለው እያቀጣጠሉ፣ ጭሱ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው በወሬ ወደ ባሌ ይመለሳሉ። በወጣትነታቸው እዚያ ከድር ከሚባል ያገሩ ልጅ ጋር መንገድ ሥራ ላይ ሳሉ፣ አንድ መሐንዲስ ትራውት የሚባለውን ባለ ነጠብጣብ ዓሣ ላባ በታሰረበት መንጠቆ ከወንዝ ማውጣት አስተምሯቸው ነበር። አንድ ጊዜ ፈቃድ ሲያገኙ ሁለቱ በሶና ብርድ ልብስ በጀርባቸው አዝለው፣ የአስታውን ጫካ አልፈው፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ብቻ የቆመበትን ሜዳ አቋርጠው፣ በሁለተኛው ቀን ተራራው አናት ላይ ወደተኛ ሐይቅ ደረሱ። ውሃው እስከ ታች ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሙሉ ቀን መንጠቆ ቢጥሉ ግን አንድም ዓሣ የለበትም። ይህን ያህል ውሃ ባዶውን መተኛቱ ጋሼን አንጀታቸውን በላው። በሚቀጥለው ፈቃዳቸው ከወንዙ ሰባት ትራውት ከነነፍሳቸው ይዘው፣ ጀሪካን ውስጥ ከተው፣ እየተፈራረቁ ተሸክመው ወጡ። ውሃው እንዳይፈስ ክዳኑን አጠበቁ፤ ዓሦቹን ብርድ እንዳይመታቸው ጀሪካኑን በጋቢ ጠቀለሉ፤ እነሱ ያለ ጋቢ ተንቀጥቅጠው አደሩ።

«ከዚያ ለቀቅናቸው» ይሉኛል። «አዲስ ውሃ ነው። ግን ለመዱት፤ ወለዱ፤ አሁን ሐይቁን ሞልተውታል።»

ሰባቱ ዓሦች በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ ይወፍሩ ነበር። ቢሆንም አምኜ እሰማለሁ፤ ቀስ በቀስም «ከዚያስ?» ማለት ጀመርኩ።

አንድ ቀን አጠገባችን ሱቅ ያላት ሙና፣ ባሏ ከአባ ሳሙኤል ግድብ ዓሣ አጥማጆች ያመጣውን ጣት የምታህል ዓሣ ለመጫወቻ ብላ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ከነውሃው በበሩ ሥር አቀበለችኝ። ከእናቴ ሞት በኋላ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁና በጋሼ ጋቢ ጠቅልዬ አልጋው ላይ አስተኛኋት።

ጋሼ ሲመጡ እጃቸውን ሳይታጠቡ ጎትቼ ወሰድኳቸው። ጋቢውን ስገልጠው ዓሣዋ በጎኗ ተንሳፍፋለች። ጠርሙሱን አንስተው ወደ ኩራዙ አስጠጉት።

«ክዳኑን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ። ብርድ እንዳይመታት ብዬ። እርስዎም እንደዚህ ነው ያደረጉት።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ጋሼ ግን መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እናትዬ፣ ዋሽቼሻለሁ» አሉኝ። «እላይ ደርሰን ጀሪካኑን ስንከፍተው ስድስቱ ሞተው ነበር። እነሱ የለመዱት ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ እኛ ብርዱን ፈርተንላቸው በሙቀት ፈጀናቸው። አየርም ከለከልናቸው።»

«ሰባተኛውስ?»

«ከድር በመዳፉ ይዞ ውሃው ውስጥ አቆየው። ትንሽ ተንፈራገጠና በጎኑ ወደ ጥልቁ ገባ። ከዚያ በኋላ አላየነውም።» ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ብቻውን ነበር።»

ያኔ አለቀስኩ። ቀብሯ ላይ ያላለቀስኩላትን እናቴን ጨምሬ አለቀስኩ፤ ጋሼም ግሪስ በነካው እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ከእኔ ጋር አለቀሱ። ፍሙ ዐመድ እስኪለብስ ድረስ ማናችንም አልተነሳንም።

በማግስቱ አልጋዬ ላይ ሆኜ የጓጉንቸሩን ድምፅ ጠበቅኩ። በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ቁልፉ ግን አልጮኸም።

«ሙና» ሲሉ ሰማኋቸው፣ «ዛሬ ልጅቷ ትወጣለች። አደራሽን ዓይንሽን ጣል አድርጊባት።»

ተነስቼ በአጥሩ ቀዳዳ ሳያቸው ጥቂት ሄደው ቆሙ። ዞረው በሩን አዩት። ተመልሰው የሚቆልፉት መሰለኝ፤ እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው ሄዱ። እኔም ወጣሁ። መጀመሪያ የወጣሁት ሙና ሱቅ ድረስ ብቻ ነበር።

ብዙ ዓመት አለፈ፤ አምና ሐይቁን ልፈልግ ተነሳሁ። ከጎባ መንገድ መሪ ይዤ፣ ድንኳኔን በጀርባዬ ተሸክሜ ሁለት ቀን ወጣሁ። ውሃው እሳቸው እንዳሉት ጥርት ያለ ነው። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ መንጠቆዬን ብጥል ምንም አልነካውም። ያ አንዱ ዓሣ ስንት ቀን እንደኖረ እያሰብኩ ተቀመጥኩ። ተመልሼ ለጋሼ ያየሁትን እንዳለ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁና «ውሃውስ ያው ይቀዘቅዛል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

ከዚያ ጉዞ አብልጬ የማስታውሰው ግን የተነሳሁበትን ጠዋት ነው። ጋሼ በምርኩዝ እየተደገፉ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ፤ ወንበሬ ድረስ ገብተውም ያንኑ አሮጌ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉብኝ። ጫፉን ወደ አንገቴ ሊስቡት ሲሉ እጃቸው ቆመ። ጋቢውን መልሰው አነሱት፤ አጣጥፈው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ በላዬ ተንጠራርተው፣ ከኋላዬ ያሉት ተሳፋሪዎች «ኧረ ንፋስ!» እያሉ ሲጮኹባቸው፣ መስኮቱን ከፈቱልኝ።