ድንጋይ የተንተራሰችው ፒክ አፕ

ጎህ ሲቀድ፣ ቀራንዮ

የግድግዳ ጋዜጣችን አንባቢዎች፣ እናንተ ቅዳሜ ጠዋት ተኝታችሁ ሳለ እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ! አባዬ የመጎተቻ ሰንሰለቱን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ በር ላይ ቆሟል። ቡራዩ ሄደን አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒክ አፕ ልናይ ነው። ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ፤ ወፍጮ እንድትጎትትልን ነው። አባዬ በያጅ ነው። የእህል ወፍጮ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ገጥሞ "ከገበያ ገበያ እያዞርኩ እፈጫለሁ" ካለ ክረምቱ አለፈ። የሚጎትተው ስለጠፋ ወፍጮው ጓሯችን ተገትሮ ቀርቷል። ቀይዋ ዶሯችን እህል በሚፈስበት አፉ ውስጥ ገብታ እንቁላል ታቅፋለች።

እማዬ ከውስጥ ሆና፣ "ዛሬም ባዶ እጅህን ከመጣህ ወፍጮውን ለሚፈልገው ሰው እሰጠዋለሁ! የዶሮ ቤትማ በቆርቆሮም ይሠራ ነበር!" አለች።

"ነይ እንውጣ ሰናይት፣ ሳትጨርሰን" አለኝ አባዬ።

ማለዳ፣ ከኮልፌ ወደ አስኮ

ውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጠን ተቀምጠናል። ጉልበቴ ከአንዲት ሴትዮ የጎመን እስር ጋር ይጋፋል። ስሙም ውይይት አይደል፣ አባዬ ወዲያው ጀመረ።

"ቤንዚን እንደሆነ በኩፖን ሆኗል። ናፍጣ አይሻልም ትላላችሁ?"

ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ መለሱለት። "ናፍጣ እንደ በቅሎ ነው ልጄ። ጠዋት ይለግማል፤ አንዴ ከተነሳ ግን ዳገት አይመልሰውም።"

አስኮ ላይ ስሙኒ ስሙኒያችንን ከፍለን ወረድን። ትኩስ ዳቦ በሻይ በላን። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ ቀይ ጭቃ፣ ጤዛ ያዘለ ባሕር ዛፍ፣ ከፊታችን እንጨት የጫኑ አህዮች።

ረፋድ፣ ቡራዩ

ጋሽ ለማ የአባዬ የድሮ ደንበኛ ናቸው፤ የግቢያቸውን በር የሠራላቸው እሱ ነው። ሙሽራ እንደሚያሳይ ሰው እጃቸውን ዘርግተው "ይቻትና!" አሉ።

ቀለሟ የደረቀ ጎመን ይመስላል። አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ፣ የፊት ጎማዋን ድንጋይ አንተርሳ ተኝታለች። ጋሽ ለማ ገቡ፣ አባዬ ድንጋዩን አነሳ፣ ተንሸራተተች፣ ከዚያ ድርርርር! ጥቁር ጭስ ሰፈሩን ሸፈነው።

"ድምጿን ሰማህ? የቄስ ድምፅ እኮ ነው!"

አባዬ ሰንሰለቱን አውጥቶ አንድ ትልቅ የባሕር ዛፍ ግንድ ከኋላዋ አሰረ። ዳገቱን ሳታቃስት ጎትታው ወጣች። የአባዬ ፊት በራ። እኔ ግን ድንጋዩን አያለሁ። አንድ ጎኑ በጎማ ጠቁሯል፤ ተቀምጦበት በነበረው ቦታም ሣር አልበቀለም።

"ጋሽ ለማ፣ ሜዳ ላይስ ትነሳለች?"

ወደ አባዬ ዞሩ። "ይቺ ልጅ የማን ናት?"

"የእኔ ናታ! ይመልሱላት እንጂ" አለ አባዬ።

አባዬ ለጥ ያለው መንገድ ላይ ወስዶ ሞተሯን አጠፋ። ቁልፉን አዞረ። ቀጭ። እንደገና፣ ቀጭ።

ጋሽ ለማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እውነቱን ልንገርህ። የሚቀሰቅሳት ሞተሪኖ ሞቷል። አዲስ አበባን ብትገለብጣት መለዋወጫው የለም።"

"ጋሼ፣ ገበያ የሚቆመው ሜዳ ላይ ነው። ወፍጮዬን ጎትቼ ሄጄ እዚያው ልደር?"

ሰንሰለቱን ቀስ እያለ መጠቅለል ጀመረ። እኔ ዶሮዋ ትዝ አለችኝ።

ይኼኔ እህል ያዘሉ ሴቶች ደረሱ። አባዬ ግፉልኝ ብሎ ለመናቸው። ጆንያቸውን አወረዱ፣ ሁላችንም ተደገፍናት፣ ገፋናት፣ ተነሳች! አንዷ ጭሱን በነጠላዋ እየተከላከለች፣ "የእናንተስ ተገፋ፤ የእኛን ጆንያ ማን ይገፋልናል?" አለች።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"ወፍጮ ቤት ነዋ። ሳይነጋ የወጣን ነን።"

ወደ አባዬ ሮጥኩ። "አባዬ፣ ወፍጮ ካለ ሰልፍ አለ። ሰልፍ ካለ ደግሞ የሚገፋ አይጠፋም!"

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሰንሰለቱን ከትከሻው አውርዶ መኪናዋ ላይ ወረወረው።

ዋጋ ሲነጋገሩ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጋሽ ለማ "ያለ ልጅህ ብትመጣ ይሻለኝ ነበር" ሲሉ ግን ሰምቻለሁ። ልንሄድ ስንል ድንጋዩን አቅፈው አመጡና ከኋላ ጫኑት።

"እንካ፣ መለዋወጫ!"

ከሰዓት በኋላ፣ ቀራንዮ

አስኮ ላይ አልቆምንም፤ እንዴት ይቆማል? ጋቢና ተቀምጬ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ለማላውቀው ሰው ሁሉ እጄን አውለበለብኩ። እግዜር ይስጠው የእኛ በርም ቁልቁለት ላይ ነው።

እማዬ ወጣች። "አጥፉትና ግቡ እንጂ፣ ሰፈሩን በጭስ ፈጃችሁት!"

"ቆይ፣ መጀመሪያ መለዋወጫው" አልኳት። ድንጋዩን ሆዴ ላይ አስደግፌ አወረድኩ፤ ጎማው ስር ሸጎጥኩ። አባዬ ሞተሩን አጠፋ።

እማዬ ድንጋዩን አየች። መኪናዋን አየች። የአባዬን ፊት አየች። ወደ ጓሮ ሄደች። ስትመለስ ቀይዋ ዶሮ ብብቷ ስር ትጮሃለች፤ እንቁላሎቹን በቀሚሷ ይዛለች።

"በሉ እንግዲህ፣" አለች፣ "ዶሮዬን የት ላድርጋት?"