ፍሪጁ ሥራ ላይ ነው

ፍሪጁ የአባቴ ነበር። ሞተሩ ተቃጥሎ ጎንደር ከሱቃችን ጓሮ ዝናብ ሲመታው ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እኔ አየሁት። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት በዋልኩበት ዓመት፣ እንቁላል መፈልፈያ ላደርገው ተነሣሁ።

አባቴ ግን ሌላ ቆርጦልኝ ኖሯል፤ ሳንጃ ወርጄ የታናሽ ወንድሙን ሱቅ እንድጠብቅ። “አልሄድም!” አልኩ። ጭቅጭቁ ሲሰለቸው “በይ እሺ፣ አንድ ጫጩት ካወጣሽ እዚሁ ትቀሪያለሽ፤ ካላወጣሽ ሳንጃ” አለ። እናቴ ደግሞ ከወዲያ ሆና “የሳንጃ ሙቀት እንኳን እንቁላል ሰውም ይፈለፍላል፤ ምን ሳጥን አስፈለገሽ?” ብላ ሳቀችብኝ። ይሳቁ!

ውስጡ አምፖል ሰቀልኩ። ሙቀቱ ሲበዛ አምፖሉን የሚያጠፋውን ነገር ከተበላሸ ካውያ ፈትቼ ገጠምኩና፣ ብሎኑን እያላላሁ እያጠበቅሁ ለእንቁላል እስኪስማማ ታገልኩት። መብራት ሲጠፋ፣ መቼስ የማይጠፋበት ቀን የለም፣ በጀሪካን ፍል ውሃ አስገባለሁ። በደጃችን ያለፈ ሁሉ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይለኛል። ተረቱ አንገፈገፈኝ።

ሦስት ሳምንቱ ሞላ፤ ምንም የለም። ብሰብራቸው ሽታው አባረረኝ፤ አንዱም ጫጩት መሆን አልጀመረም። ቅዳሜ ገበያ ሄጄ እንቁላሉን የሸጠችልኝን የገጠር ሴት ያዝኳት። “ምነው እህቴ፣ በሁዳዴ ማን ይበላዋል? ለፋሲካ ብዬ ሳጠራቅመው የከረምኩት ነው” አለች። እኛ ሙስሊሞቹ ቤት እንቁላል ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ርካሽ ሆኖ ሳገኘው ደስ ብሎኝ ለቃቀምኩት እንጂ ጾሙ ያስረጀው መሆኑ መች ታየኝ!

ይህንኑ ለአባቴ ብነግረው “ቃል ቃል ነው” አለ። አለቀስኩ። ከዚያ ቦርሳዬን ሸከፍኩና “ፍሪጁ ካልሄደ እኔም አልሄድም” አልኩ። መናኸሪያው ሙሉ እየሳቀ ፍሪጁ የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ተጫነ። “ለሳንጃ በረዶ ልትሸጪ ነው?” አለኝ ረዳቱ።

“አዎ፤ ላንተ ግን አልሸጥም!”

ሳንጃ ስደርስ ፋሲካ አልፏል። በዚያው ቀን የተጣለ እንቁላል ከየጎረቤቱ ሰበሰብኩ። እናቴ እውነቷን ነው፤ እዚያ ጀሪካን አያስፈልግም። እንዲያውም ሙቀቱ እንዳይበዛ በሩን ገርበብ ማድረግና እርጥብ ጨርቅ ማንጠልጠል ሥራዬ ሆነ። ጨውና ሳሙና እየሸጥኩ ጆሮዬ ፍሪጁ ጋ ነበር። አንድ ጠዋት ቅርፊት ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ብቻዬን እልል አልኩ፤ አንድ ደንበኛ ያበድኩ መስሎት ሳሙናውን ጥሎ ወጣ።

ጫጩቶቹ ሲወጡ አጎቴ ለአባቴ ደወለ። ሞባይሉን ነጠቅሁትና ፍሪጁ ውስጥ አስገባሁት። ጫጩቶቹ ጆሮው ላይ ይንጫጩበት! ሳወጣው አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። 

“በይ እንግዲህ ፍሪጄን ይዘሽ ነይ። ቃል ቃል ነው።”

“ፍሪጁ ሥራ ላይ ነው፣ አባባ” አልኩት።