አያቴ እና ወደ ኋላ የሚመጡ መኪኖች

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የአብራሪነት ሠልጣኝ ነበርኩ። የአውሮፕላን በረራን በሚያስመስለው የማሠልጠኛ ክፍል፣ ጉም ውስጥ በመሣሪያ ብቻ ለማረፍ ስንወርድ፣ አስተማሪዬ ሆን ብለው፣ ማረፊያው ሳይታያቸው ከተፈቀደው ከፍታ በታች ወረዱ። መሣሪያው ላይ አየሁ፤ አፍሬ ዝም አልኩ።

"ነገም ዝም ካልሽ አታልፊም" አሉኝ።

እያለቀስኩ መርካቶ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ አያቴ ሱቅ ሄድኩ። አያቴ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ካዩ፣ የማንም ይሁን፣ ሥራቸውን ጥለው ወጥተው "ና! ና! ቁም!" የሚሉ ሰው ነበሩ። ያን ቀን አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመጣ "በይ፣ ዛሬ አንቺ" አሉኝ።

"ይቁሙ... እባክዎ" አልኩ በቀስታ። አይሱዙው የአያቴን በርጩማ ድፍጥጥ አደረገው።

"አባባ፣ እርስዎ ለምን ዝም አሉ?"

"ተራው ያንቺ ነዋ!" እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "ሹፌር ጀርባውን አያይም፤ እያየሽ አፍረሽ ዝም ካልሽ ገደልሽው።"

አሁን አያቴን ካጣናቸው አርባ ቀን ሆነ። ሹፌሮች እዚያ ሱቅ በር ሲደርሱ አሁንም አንገታቸውን አውጥተው የአያቴን ድምፅ ይጠብቃሉ።

ያኔ፣ በርጩማው በተደፈጠጠ ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አስተማሪዬ ያንኑ ስሕተት ደገሙት። "ካፒቴን፣ ማረፊያው አይታይም! ወደ ላይ!" ብዬ ጮህኩባቸው። ጆሯቸውን እያሻሹ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይ አነሱት።