ለሜሮን የተተወው መስመር

ጋሽ ይርዳው ካሣዬ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እዚህ አሜሪካ፣ ሲያትል አጠገብ ማውንትሌክ ቴራስ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። መርዶውን በስልክ ስነግራችሁ ከመካከላችሁ «የትኛው ይርዳው?» ያላችሁኝ ነበራችሁ። አልፈርድባችሁም። በሠርጋችሁ የጨፈራችሁት በእሳቸው ዘፈን ነው፤ ስማቸውን ግን ከካሴቱ ሽፋን ላይ ፈልጎ ያነበበ ጥቂት ነው።

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በአንድ የምሽት ክበብ ጊታር ይጫወቱ ነበር። የክራር ዜማዎችን በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም ማቅረብ ሲጀምሩ ትልልቆቹ «ክራሩን አሳበደው» ብለው ተቆጡ፤ ወጣቶቹ ግን ወንበር ላይ ቆመው ሰሙ። ዛሬ ያንን መንገድ ያልተከተለ ባንድ የለም ማለት ይቻላል። እሳቸው መዝፈን አልፈለጉም፤ ግጥምና ዜማውን ለሌሎች ይሰጡ ነበር። «የኔ ድምፅ ለታክሲ ወረፋ ብቻ ነው የሚሆነው» ይሉ ነበር።

እኔ የባለቤታቸው የወይዘሮ ጥሩነሽ ጓደኛና ጎረቤት ነበርኩ። አገር ቤት ሳለሁ በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። ጋሽ ይርዳው ወደዚህ ከመጡ ወዲህ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ስለነበር ስንኝ የሚመጣላቸው ወረፋ ላይ ቆመው ነው። ያን ጊዜ ይደውሉልኛል።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እስክሪብቶ ይዘዋል?»

«ኧረ ጋሽ ይርዳው፣ ጎመኔ ሊያርብኝ ነው!»

«ጎመን ነገም ይበቅላል። ይሄ ግን ተራዬ ከደረሰ ይጠፋል፤ ይጻፉ።»

እጽፋለሁ። ጎመኑም ያርራል። ከዚያች ወረፋ ላይ ግን ተራቸውን የሚተዉበት ጊዜም ነበር። ከአገር ቤት ገና የገባ፣ ተቀባዩ የዘገየበት መንገደኛ ካዩ፣ ዘመዱ እስኪመጣ አብረውት ይቆማሉ። «መጀመሪያ ቀን ብቻውን የቆመ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንደቆመ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ የማይጥሱት ደንብ ነበራቸው። በየዘፈኑ ውስጥ አንድ መስመር ባዶ ይተዋሉ። ያ መስመር ዘፈኑ የተጻፈለት ሰው ድርሻ ነው። ሰውየው ሲመጣ አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ የመለሰው መልስ እዚያ ይገባል። ከጎረቤት ከተማ ከሊንውድ የመጣች አንዲት ዘፋኝ አስታውሳለሁ። የስንብት ዘፈን ጠይቃ ነበር።

«ኤርፖርት ስትሸኝሽ እናትሽ ምን አለች?» አሏት።

«ምንም አላለች፣ ጋሼ።»

«እናት ምንም ሳትል ልጅ አትሸኝም።»

ልጅቱ ሳቀች። «እንግዲህ... የሻንጣሽ ዚፕ አልተዘጋም ነው ያለችኝ።»

«ይጻፉት፣ ወይዘሮ አስካለ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። እኔ ለዘፈን የማይሆን ነገር መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦

ሁሉም ሲያለቅስልኝ፣ ሁሉም ሲመርቀኝ፣
ሻንጣሽ አልተዘጋም እናቴ ስትለኝ።

ጋሽ ይርዳው ለብዙ ሰው ጽፈዋል። ለአንድያ ልጃቸው ለሜሮን ግን አልጻፉም ነበር። «የራስን ልጅ ምን ብሎ መጠየቅ ይቻላል? የምትመልስልኝም በእንግሊዝኛ ነው» እያሉ ያሳልፉት ነበር። ባለፈው ክረምት በመጨረሻ ጀመሩት። በስልክ ሳይሆን ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ከጎኔ ተቀምጠው አስጻፉኝ። ከማብቂያው በፊት ባለው ቦታ ላይ ጣታቸውን አኑረው «እዚህ ጋ ይተዉልኝ። ጥያቄውን አግኝቼዋለሁ» አሉ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። የሰው ጉዳይ ነው ብዬ ተውኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ከአንደበታቸው የቀረላቸው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ኦኬ»። ያንን ቃል በዘፈን ውስጥ እንዳይገባ የከለከሉት እሳቸው ነበሩ። «ኦኬ የሚባለው ነገሩ እንዲያበቃ ሲፈለግ ነው፤ ዘፈን ግን ነገር መጀመሪያ ነው» ይሉ ነበር።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዘፈኑን የጻፍኩበትን ደብተር ይዤ ቤታቸው እሄድ ነበር። ዘፈኑ ሳያልቅ እንዳይቀር ፈራሁ። እናም ልሠራው የማይገባኝን ሠራሁ፤ ባዶውን መስመር በራሴ ቃል ልሞላ ሞከርኩ።

«"የዓይኔ ብርሃን" ይሁን፣ ጋሽ ይርዳው?»

«ኦኬ።»

«ወይስ "የእናትሽ አምሳያ" ይሻላል?»

«ኦኬ።»

«ሁለቱም ይሆናሉ?»

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ!» በግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን መቱ። ወደ በሩ አዩ። ብርድ የገባ መስሎኝ ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሜሮን ከሥራ ስትመለስ ደብተሩን አየችው። «እትዬ አስካለ፣ ምንድን ነው የምታነቢለት?»

«የቆየ ግጥም ነው» አልኳት። ያላለቀ ነገር ለልጅ አይሰጥም ብዬ ነው። ጨርሼ ላስደንቃት አስቤ ነበር። አማርኛዋም አይበቃትም ብዬ ገምቼ ነበር፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ደንቡን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። በሩን የሚያዩት እሷን ሲጠብቁ መሆኑን ያወቅሁት ግን አሁን ነው። ሰባት ሳምንት ያንን በር ስዘጋ ቆየሁ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ የእሳቸውን ዘፈኖች እያነሣ ሲያወራ ሜሮን አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «ዳዲ ለሁሉም ሰው ጽፏል» አለች። «ለኔ ግን የለም። ኢትስ ኦኬ።»

ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ፊደል ብዙም ስለማታነብ እኔ አነበብኩላት። ባዶው ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«እዚህ ጋ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ያንቺ ቦታ ነው። አንድ ነገር ሊጠይቁሽ ነበር።»

«ምን ሊጠይቀኝ ነበር?»

«አላውቅም፣ ልጄ።»

ደጋግማ ጠየቀችኝ። ደጋግሜም አላውቅም አልኳት። ደብተሩን ሰጥቻት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጋሽ ይርዳው፣ በሩን ስለዘጋሁብዎት ይቅር ይበሉኝ። በራሴ ቃል የሞከርኩትን ሁሉ ደብተሩን ለሜሮን ከመስጠቴ በፊት ሰርዤዋለሁ፤ መስመሩ እርስዎ እንደተዉት ባዶ ነው። ሜሮን ትናንትም ደውላ ያንኑ ጠየቀችኝ። እኔም የራሷን መስመር አግኝታ እስክትደውል ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ጎመን አልጣድኩም። እስክሪብቶ ይዣለሁ። ደህና ይሁኑ።