ያልወለድኩት ልጅ

ሆዴ መግፋት ሲጀምር መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ አንድ ሰፊ ቀሚስ አልጋዬ ላይ አጣጥፋ ጠበቀችኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ይሻልሻል ብላኝ ጓዳ ገባች።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ሐዋሳ ታቦር ሰፈር ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ መሃል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ፤ ባል የለኝም፣ ወንድ የሚባል አላውቅም። ከሥራ ስመለስ ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ይቆረጥ ጀመር። እግሬ ጫማ እምቢ አለ። ፊቴ ሲከሳ ሆዴ ይሰፋል፤ የወር አበባዬም ከሕመሙ ብዛት ቀርቶ ነበር፣ ይህን ደግሞ እናቴ ታውቃለች። አላረገዝኩም ብል ማን ይስማኝ! የትም ብሄድ ሆዴ ቀድሞኝ እየገባ ያወራል።

የጸሎት ቤታችን በደርግ መንግሥት ታሽጎ ስለነበር የምንዘምረው በየሰዉ ቤት፣ መስኮት ዘግተን፣ ድምፃችንን አፍነን ነበር። አንድ ቀን የጉባኤው ሽማግሌ እቤት መጡና፣ ንስሐ እስክገባ ከመዘምራን እንድቀር ለእናቴ ነገሯት። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ እኮ! አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቁኝም። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በኋላ እናቴ ከበር አላስወጣ አለችኝ። ለመሥሪያ ቤቴ ወባ ይዟታል ብላ ላከች። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ፣ ሲሄድ እወጣለሁ። በጀርባዬ መተኛት አቅቶኝ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። አንድ ሰው ልቤን በጭብጡ ይዞ የሚያጠብቀው ይመስለኛል። ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ስላት፣ እርጉዝ ናት ብለው ቢያወጡብንስ ትላለች። እዚያች ጓዳ ውስጥ የምሞት መሰለኝ፤ የሚቆጨኝ ደግሞ ስሜ ሳይነጻ መሞቴ ነበር።

ያወጣኝ የእናቴ ስሌት ነው። ወራቱ ሞሉ፣ አለፉ፣ ልጅ የለም። ልጁ ሆዷ ውስጥ ቀረ ብላ ደነገጠች መሰለኝ፣ በጋቢ ጠቅልላ በጋሪ ወሰደችኝ። የት? የማዋለጃ ክፍል! እሷ ሰው እንዳያያት ነጠላዋን ተከናንባ ውጪ ቀረች።

አዋላጇ ሆዴን ነካክታ፣ ልጅ የለም፣ ውሃ ነው አለችና ሐኪም ጠራች። የመጣው ገና አዲስ የተመደበ ወጣት ነው። ሆዴን ትቶ አንገቴን ያይ ጀመር። ቀና አድርጎ አስቀመጠኝ፤ አየር ወደ ውስጥ ሳቢ አለኝ። ስስብ የአንገቴ ደም ሥር ጭራሽ ተገተረ። የእጄን ትርታ ይዞ ቆጠረ። በፊት ሳል ነበረሽ ወይ አለኝ። የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ በመርፌ እንደዳንኩ ነገርኩት። ራጅ አስነሥቶ መስኮቱ ላይ ዘረጋው፤ የልቤን ዳር ነጭ መስመር ከቦታል።

«ልብሽ ደህና ነው» አለኝ። «ውጪውን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ነው በነቀርሳው ቆስሎ የደነደነው። ልብሽን አንቆ ይዞታል፤ ደም እንደ ልብ መግባት ሲያቅተው ውሃው ሆድሽ ላይ ተጠራቀመ። ያንን ሽፋን ቀድዶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው።»

እርጉዝ አይደለሽም በለኝ አልኩት። አለኝ። ድገመው አልኩት፤ ደገመልኝ። ደረቴ ይቀደዳል ተብዬ በደስታ ያለቀስኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ለእናቴም ወጥቶ አንድ በአንድ አስረዳት። እጁን ይዛ መረቀችው፣ አምላክ ገመናህን ይሸፍንልህ አለችው። በክፍቱ በር የሰማሁት ምርቃት ግር ቢለኝም አላጤንኩትም። ከቀበሌ የጉዞ ፈቃድ አወጣችልኝና አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ላከችኝ፤ እሷ ግን አልመጣችም።

በግራ ጡቴ ሥር፣ በጎድኖቼ መሃል ከፈቱኝ። ሽፋኑ ግድግዳ ላይ እንደ ደረቀ ቀለም በጥቂት በጥቂቱ ተፍቆ ነው የተነሣው ብለውኛል። ስነቃ ሕመሙ አይነሣ፤ ግን ያ ጭብጥ ለቆኛል። ከዚያማ ሽንቴ አላቆም አለ፣ ሆዴ በየቀኑ እየጎደለ ሄደ። በጀርባዬ ተንጋልዬ የተኛሁ ዕለት ጣሪያውን እያየሁ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሐዋሳ የተመለስኩት በጠፍጣፋ ሆድ ነው። እናቴ ገንፎ አገንፍታ፣ መሃሉን በቅቤ ሞልታ ጠበቀችኝ። ለበሽተኛ አቅም ይሰጣል ብላ ነው ብዬ በላሁ። ከዚያ በሩን ዘጋችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ልጁን ለማን ሰጠሽው?» አለችኝ። «እኔ አሳድገው ነበር እኮ።»

ለካ እሷ ወባ እንዳለችው ሁሉ፣ ሐኪሙም ሊሸፍንልን ብሎ የልብ በሽታ ነው ያለ መስሏት ኖሯል! የቀሚሴን ቁልፍ ፈታሁ፣ ጡቴን ወደ ላይ አነሣሁና ገና ያልጠገገውን ስፌት አሳየኋት። በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለችው።

«ልጅ የለም?»

«የለም፣ እማዬ። አልነበረም።»

እጇን ሳታነሣ ማልቀስ ጀመረች። ስለ እኔ ነው ብዬ ነበር፤ ቆይቶ ገባኝ፣ ያን የሌለ ልጅ ስትጠብቀው ከርማለች። አሳዘነችኝ፣ እውነት ነው። ግን ተናደድኩም። ልሞት የነበርኩት እኔ፣ የምታለቅሰው ለእሱ።