ለትምህርት ቤት ያሞቅሁት ውሃ

የልጅ ልጄ ኮተቤ ካለው ቤቷ ጓሮ የሙቅ ውሃ ገንዳ አስተከለች። «ለጉልበትሽ ነው፣ አያቴ፤ ገብተሽ ሪላክስ አድርጊ» ትለኛለች። እኔ ግን ለራሷ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሮ ውላ ስትመጣ ዘላ የምትገባው እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ትከፍትና ቁራጭ ወረቀት ነክራ ቀለሙን ታያለች፤ ከዚያ መድኃኒት ትጨምርበታለች።

«ውሃም ይታመማል እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ካልተከታተሉትማ ይታመማል» አለችኝ ሳቅ ብላ።

እውነቷን ነው። ያ እንፋሎት ፊቴን ሲነካኝ ግን የመድኃኒቱ ሽታ ጠፍቶ የባህር ዛፍ ቅጠል ጭስ ሸተተኝ። ውሃ መከታተልን እኔም በልጅነቴ አውቀዋለሁ።

እናትና አባቴ ቀድመው ስላረፉ ከአንዲት ልጇ ጋር ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ቤታችን እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ወደ የካ በሚወርደው በኩል ነበር። ቅጠል ጠርጌ፣ እንጨት ለቅሜ፣ ያን ሁሉ በጀርባዬ ስለማወርድ እጄም እግሬም እንደ በጋ መሬት የተሰነጣጠቀ ነበር። አንድ ክረምት ላይ፣ ታች ሰፈር ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ተባለ። እኔም ልግባ ብዬ አስቸገርኳት። አክስቴ እግሬን አየት አድርጋ፣ «በዚህ ተረከዝ? መምህሩ ከደጅ ነው የሚመልስሽ። መጀመሪያ ሰው እናድርግሽ» አለችኝ።

ባሏ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ አንድ የዘይት በርሜል አመጣና በቁመቱ ለሁለት ሰነጠቀው። ግማሹን ጓሮ ውስጥ ድንጋይ ላይ አጋድመን፣ ከሥሩ ምድጃ ቆፈርን። ቅባቱን ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ፣ በአመድና በአሸዋ ስፈገፍግ ሰንብቼ። ታቹ እንዳያቃጥል ሳንቃ ጣልንበት። ውሃ ከምንጭ እቀዳለሁ፣ ቅጠል እማግዳለሁ፣ ሲግል እሳቱን ከሥሩ ጠርጌ ሙቀቱን በክርኔ እለካለሁ። ክርን የቻለውን ሌላው ገላ ይችለዋል። ስጨርስ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ለጎመኑ አፈሰዋለሁ፤ በርሜሉን ደግሞ እንዳይዝግ በጨርቅ አድርቄ እደፋዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ለትምህርቴ ነዋ።

በአሮጌ ቀሚሴ ገብቼ እቀመጥና፣ አክስቴ በርጩማዋን አስጠግታ ተረከዜንና መዳፌን በሻካራ ድንጋይ ትፈገፍግልኛለች፤ ከዚያ ቅቤ ትቀባኛለች። እጇ እንደዚያ ለስላሳ መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ጭጋጉ በዛፎቹ መሀል ቀስ እያለ ሲወርድ እያየሁ፣ እናት ማለት ይሄ ይሆን እል ነበር።

«እትዬ፣ መቼ ነው የሚያስገቡኝ?»

«ትንሽ ታገሺ። እጅሽ ገና ነው።»

መስከረም ጠባ፣ የሰፈሩ ልጆች ገቡ። የኔ እጅ ገና ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የተቀባሁት ቅቤ ሳይደርቅ፣ ኮት የደረቡ ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎች ግቢያችን ገቡ። አክስቴ ጠራችኝ። ከትምህርት ቤቱ የመጡ መሰለኝ፤ የመምህር ኮት እንደዚያ ነው ብዬ። ሮጬ ሄድኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ሁለት መዳፎቼን ዘረጋሁላቸው። ጀርባውንም እንዲያዩት ገለበጥኩት።

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ። «ቀለበቱን አምጡ እያለችን ነው እኮ» አሉ።

«እጇስ ጥጥ ነው» አሉ ሌላው። «ሥራ የሚባል አልነካትም እንዴ?»

«በእንክብካቤ ነው ያሳደግኳት» አለች አክስቴ። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

ያን ጊዜ ገባኝ። እጄን ነጠላዬ ሥር ከተትኩት።

ይሄው ስንት ዘመን ሆነው። ባሌ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፤ በእሱ አላማርርም። የሚያንገበግበኝ እሳቱን ራሴ ማንደዴ ነው። ጎትተው ወስደውኝ ቢሆን ቢያንስ እጮህ ነበር። እኔ ግን በገዛ እጄ ውሃ እየቀዳሁ፣ እየዘፈንኩ ለሠርጌ ተዘጋጀሁ።

ከሠርጉ በኋላ ለመልስ ከባሌ ጋር አክስቴ ቤት ተጠራን። ሰው ሲበላ ሲጠጣ እኔ ወደ ጓሮ ዞር አልኩ። በርሜሉ ይጨሳል። ከእኔ በጥቂት የምታንሰው የአክስቴ ልጅ እግሯን ነክራ ተቀምጣለች። አዲስ ዩኒፎርሟ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል።

ለካ አክስቴ ተከትላኝ መጥታለች።

«እሷን አስገቧት?» አልኳት።

«እሷ አባት አላት» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንቺን እኔ ብሞት ማን ይይዝልኛል ብዬ ነው፣ ልጄ።» መልስ ሳትጠብቅ ወደ እንግዶቿ ተመለሰች።

ልጅቷ የምታውቀው ነገር የለም። ስላየችኝ ደስ ብሏት ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረችና የበርሜሉ ጎን ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ስምሽ ነዋ፣ እህትዬ።»

ጎንበስ አልኩ። ብረቱ ትኩስ ስለነበር ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ እየደረቀ ጠፋ።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩና፣ «እስቲ እንደገና ጻፊልኝ» አልኳት።